ስም ያጡ ሥዕሎች፦ በጄኔቫና በዙሪክ የሥዕል ትምህርትና የኢንተርኔት ምንጮች

በጄኔቫም ሆነ በዙሪክ፣ ልጆቻቸው ፊደል እንዲቆጥሩ በሳምንቱ መጨረሻ የሚሰበሰቡ ወገኖቻችን ከንባቡና ከጽሕፈቱ ጎን፣ እዚህም እዚያም፣ የሥዕልና የሥዕል ታሪክ ትምህርት መስጠት ጀምረዋል። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። የትምህርቱ መሣሪያ ግን በአብዛኛው የሚቀዳው ከኢንተርኔት ነው። መምህሩ ዐርብ ማታ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የለቀመውን ቅዳሜ ጧት ግድግዳ ላይ ያበራዋል። ስለዚሁ ጉዳይ በመካከላችን ሁለት አስተያየቶች ሲሰነዘሩ ይሰማል። አንደኛው፣ ዛሬ ሁሉም ነገር ስለ ወጣ ለተማሪው አድራሻውን መስጠት ይበቃል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስክሪን የልጆቹን እጅ ስላሰነፈው ከዚያ የሚገኝ ትምህርት ትምህርት አይባልም ይላል። በበኩሌ ሁለቱም ዋናውን ነጥብ የሳቱ ይመስለኛል። ችግሩ ሥዕሎቹ በስክሪን መምጣታቸው ሳይሆን ያለ ልካቸው፣ ያለ ቦታቸው፣ ከሁሉም በላይ ያለ ስማቸው መምጣታቸው ነው። ይህን የማሟላቱ ሥራ ደግሞ ከማንም በፊት የሚመለከተው እኛን ነው።

በቅድሚያ ለተሠራው ሥራ ተገቢውን ዋጋ መስጠት ያስፈልጋል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አንድ የስደት መምህር የኢትዮጵያን ሥዕል ለተማሪ ላሳይ ቢል በእጁ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነበር። ዩኔስኮ በ1961 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ያሳተመው የብራና ሥዕሎች አልበምና ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ በ1983 ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ዐበይት ርእሶች ያወጡት ጥናት በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ብቻ የሚገኙ፣ ዋጋቸውም ለስደተኛ ኪስ የማይቀመስ ነበሩ። ዛሬ ማይክል ጀርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ-ቪታኮቭስካ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት «መዝገበ ሥዕላት» ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ የተነሡ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ፎቶግራፎችን ይዟል። በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት፣ በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ የተነሡትን መጻሕፍቶቻችንን ቀስ በቀስ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። እዚሁ ስዊስ ውስጥም በፍሪቡር ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው የብራና መጻሕፍት የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የጄኔቫ የጥበብና የታሪክ ሙዚየምም ያለውን ንብረት ለሕዝብ እያሳየ ነው። በካሩዥ ወይም በኧርሊኮን የሚኖር የዐሥር ዓመት ልጅ፣ አያቱ ቅኔ ሲቈጥሩ ያላዩትን መጽሐፍ ዛሬ ገልጦ ያያል። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚመለከት ሰው ያለፈውን ችግር የዘነጋ ነው።

ሆኖም ስክሪን ሁሉንም አንድ ልክ ያደርጋል። በአንገት የሚንጠለጠል፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ተጣጣፊ ሥዕልና የክብ ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ በሙሉ በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ እኩል ሆነው ይቀርባሉ። ተማሪው የትኛው በእጅ ተይዞ እንደሚጸለይበት፣ የትኛው በእግር ተዙሮ እንደሚታይ አያውቅም። የመቅደሱ ሥዕል ደግሞ ቅደም ተከተል ያለው ነገር ነው። በበሩ ግራና ቀኝ የቆሙት ሊቃነ መላእክት፣ በፈረስ ላይ ያሉት ሰማዕታት፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ ሁሉም የተመደበ አቅጣጫ አላቸው። ፎቶግራፍ አንሺው ከመካከሉ አንዱን ቈርጦ ሲያወጣ የሚቀርልን ዐረፍተ ነገር ሳይሆን ቃል ነው።

ለዚህ የሚበጀው ዘዴ ግን አስቸጋሪ አይደለም። አንዲት የማውቃት መምህርት ስለ ክታብ ስታስተምር ስክሪኑን ዘግታ የመጠቅለያ ወረቀት አመጣች። ክታብ አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ከራስ እስከ እግር የሚሠራ ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ መሬት ላይ ተኝቶ በገዛ ቁመቱ ልክ ወረቀቱን እንዲቈርጥ አደረገች። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩን ስትከፍተው ልጆቹ በስክሪኑ ላይ ተቈራርጦ የሚታየው ጠልሰም የአንድ ሰው ሙሉ አካል ጠባቂ መሆኑን ለማስረዳት ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። ከምንጩ ያልተገኘውን ልክ መምህርቱ ከልጁ አካል አገኘችው ማለት ነው።

የቀለሙም ጉዳይ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የኮሌጅቪሉ ማይክሮፊልም በብዛት ጥቁርና ነጭ ነው። ፊልሙ የተነሣው ለጽሑፉ ተብሎ ስለሆነ በዚህ ማንም አይወቀስም። ነገር ግን አንድ ተማሪ ወንጌል ላይ ያለ ሥዕል በግራጫ ቀለም አይቶ፣ ኢትዮጵያዊው ሰዓሊ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ያስብ እንደ ነበር ሳይነገረው ቢያልፍ፣ ስለ ሥዕል ያየው ነገር ከግማሽ በታች ነው።

አሁን ወደ ስሙ ልለፍ። አንድ ልጅ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የተባለውን የእመቤታችንን ሥዕል ቢፈልግ ምን ይጽፋል? በአማርኛ ፊደል ከጻፈ ከታላላቆቹ ስብስቦች የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ መዝገባቸው በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በፈረንሳይኛ ተጽፏልና። «ማዶና» ብሎ መፈለግ አለበት። ጠልሰምን «የአስማት ጥቅልል» ብሎ፣ ሐረግን «ጥልፍልፍ ጌጥ» ብሎ መፈለግ አለበት። የግእዙ ስም ተጽፎ እንኳ ቢገኝ ከላይና ከታች ነጥብና ሰረዝ በታከለበት የላቲን ፊደል ስለሆነ ከባለሙያው በቀር የሚተይበው የለም። በእኛም በኩል ያለው ጉድለት ቀላል አይደለም። «ሥዕል» የሚለውን አንድ ቃል በአራት ዐይነት ፊደል እንጽፈዋለን፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ አራቱን እንደ አራት ቃል ይቈጥራቸዋል። ስለ ሞክሼ ፊደላት የተደረገው የቆየ ክርክር እዚህ ላይ የሊቃውንት ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ አንድ ልጅ የሚፈልገውን የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ሆኗል።

ስም ሲለወጥ የሚለወጠው ፊደሉ ብቻ አይደለም። «ማዶና» የሚለው ቃል ተማሪውን ወደ ጣሊያን ይመራዋል። «አስማት» የሚለው ወደ ጨለማ ይመራዋል። «የሕዝብ ሥዕል» የሚለው ደግሞ ሠሪው ስም እንዳልነበረው ያስቈጥራል። በዙሪክ የሚያድገው ልጅ የራሱን ቅርስ የሚማረው፣ ሳያውቀው፣ ከሌላ ሰው መደርደሪያ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው።

ይህን ስል ግን የአውሮፓን ሙዚየሞች ለመክሰስ አይደለም። እውነቱን ለመናገር እነሱ ከእኛ ቀድመው ብዙ ሠርተዋል። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም በ1989 የሦስት ኢትዮጵያውያን ሰዓልያንን፣ ማለት የዘሪሁን የትምጌታን፣ የግርማይ ሕይወትንና የወርቁ ጎሹን ሥራዎች በየስማቸው አቅርቦ መጽሐፍ አሳትሞላቸዋል። ኤሊዛቤት ቢያዚዮ በ2004 በአልፍሬድ ኢልግ ዘመን ስለ ነበረው የምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ በ2006 ደግሞ በትውፊታዊ መንገድ ስለሚሠሩ የዘመናችን ሥዕሎች የጻፏቸው መጻሕፍት እዚያው ዙሪክ የታተሙ ናቸው። ኢልግ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረ መሐንዲስ ሲሆን ያነሣቸውና የሰበሰባቸው ፎቶግራፎች የሚገኙት በዚሁ ሙዚየም ነው። በ1890ዎቹ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ጨምሮ ጥቂት ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ኔሻቴል ያመጣውም እሱ ነው። እንግዲህ ጣሊያን አገር ሥዕል የተማረውና በኋላ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው ሰው በዚህ አገር አልፏል። ከልጆቻችን ስንቱ ይህን ሰምቷል? ጥያቄውን ወደ ራሳችን መጽሔቶች ብናዞረውም መልሱ አያኰራም። ስለ ርስትና ጉልት፣ ስለ ብሔረሰብ ጥያቄ፣ ስለ ድንበር የጻፍነው ሲደረደር ክፍል ይሞላል፤ ስለ ሥዕል የጻፍነው ግን በአንድ እጅ ይያዛል።

ስደተኛ ምሁር ይህን ሥራ ሊሠራው እንደሚችል የሚያስረዳ ምሳሌ አለን። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (1931–2021) በኮሌጅቪል ተቀምጠው ከአገር ቤት በፊልም የመጡትን የብራና መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነበቡ መዝግበዋል። ከዚያ ሥራ በፊት ፊልሙ ነበረ፤ መጽሐፎቹ ግን ለተመራማሪ አልነበሩም ማለት ይቻላል፤ ምን እንደሆኑ የሚናገር አልነበረምና። ለጽሑፉ የተደረገው ይህ ውለታ በሥዕሉ በኩል፣ ለልጅም በሚገባ አማርኛ፣ ሊደገም ይገባዋል።

የምንኖርባቸው ሁለቱ ከተሞች ለሥዕል ታሪክ ትምህርት የሚሰጡትን ዕድልም የተጠቀምንበት አይመስለኝም። ዙሪክ በ1524፣ ጄኔቫ በ1535 ሥዕልን ከቤተ ክርስቲያን ያስወጡ ከተሞች ናቸው። የኢትዮጵያ ልጅ በበዓል ቀን ግድግዳው ሁሉ ዐይን የሆነበትን ቤተ ክርስቲያን በስክሪን አይቶ፣ በሳምንቱ በግሮስሙንስተር ባዶ ግንብ ፊት ሲቆም ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ታሪክ በራሳችንም ዘንድ አለ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ደቂቀ እስጢፋኖስ ለሥዕል አንሰግድም ብለው የደረሰባቸውን መከራ አንባቢ ያስታውሳል። ይህን ለልጆች በልካቸው መንገር የሥዕልን ክብደት ያስተምራል፤ ሰው የተጣላበትና የተሰቃየበት ነገር ጌጥ ብቻ ሊሆን አይችልምና።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቅ አጋጣሚ አለ። በጄኔቫ የጥበብና የታሪክ ሙዚየም የሚገኘው የኮንራድ ቪትስ ሥዕል፣ ጌታ በባሕር ላይ ሲራመድና ሐዋርያት ዓሣ ሲያጠምዱ የሚያሳየው፣ የተሠራው በ1444 ነው። ባሕሩ የጥብርያዶስ ባሕር አይደለም፤ ራሱ የጄኔቫ ሐይቅ ነው፤ በስተኋላውም ሳሌቭ ተራራ ይታያል። ሰዓሊው ስሙንና ዓመቱን ክፈፉ ላይ ጽፏል። በዚያው ትውልድ ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኵሴ የሣለው፣ ስሙንም የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ሁለት ሐይቆች፣ ሁለት ሰዓልያን፣ ሁለት ፊርማዎች በአንድ ዘመን! አንዱን ልጁ በእግሩ ሄዶ ከነልኩ፣ በ1535 ሥዕል አጥፊዎች ፊቶቹን ከፋቁት በኋላ የተደረገለትን ጥገና ጭምር ያየዋል። ሌላውን የሚያየው በስክሪን ብቻ ነው። መምህሩ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ዕድል ከየት ያገኛል? ቪትስ ውኃው ውስጥ የገባውን እግር ስብር አድርጎ ሣለው፤ ፍሬ ጽዮን ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ግድ የለውም። ይህም የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የዓላማ ልዩነት መሆኑን ያልተረዳ ተማሪ፣ የኢትዮጵያን ሥዕል «ገና ያልደረሰ» አድርጎ መቍጠሩ የማይቀር ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ማየት ነው። መሣል ሌላ ነገር ነው፤ ክርክሩ የሚከረውም እዚህ ላይ ነው። የጄኔቫው ተወላጅ ሩሶ በ1762 ባወጣው «ኤሚል» ውስጥ ልጅ ከሥዕል ላይ ሥዕል እንዳይገለብጥ፣ ዛፉን ከዛፍ፣ ቤቱን ከቤት እያየ እንዲሥል ይፈልጋል። (መጽሐፉን የገዛ ከተማው አቃጠለችው።) የዙሪኩ ተወላጅ ፔስታሎዚ ደግሞ በ1803 ባሳተመው ዘዴ ልጁን በመስመር፣ በማዕዘንና በአራት ማዕዘን ጀምሮ ዐይኑን እንደ ፊደል ገበታ ያስቈጥረዋል። ሌላው የጄኔቫ ሰው ቶፕፈር፣ የትምህርት ቤት ኃላፊና በተከታታይ ሥዕል ታሪክ መንገርን የጀመረ ሰው፣ ከሞተ በኋላ በ1848 በታተመው መጽሐፉ፣ ልጆች በግድግዳ ላይ የሚሞነጫጭሯቸው ትንንሽ ሰዎች የሠለጠነ ተማሪ በጥንቃቄ ከገለበጠው ሥራ ይልቅ ለጥበብ ይቀርባሉ ብሎ ተከራክሯል።

የእኛ ትውፊት ከሦስቱም ይለያል። የቤተ ክህነቱ ሰዓሊ የተማረው ከመምህሩ ሥራ በመገልበጥ ነው። በቀጭን መስመር መንደፍ፣ ቀለሙን መሙላት፣ በመጨረሻም ዐይኑን፣ አፍንጫውንና የልብሱን እጥፋት በጥቁር ማውጣት ነው። ጻድቁ በሁለት ዐይን፣ ኃጥኡ በአንድ ዐይን መሣሉም እንዲሁ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሕግ ነው። ሩሶ ይህን ቢያይ እንደማይወደው አያጠራጥርም። ይሁንና ታሪክ ለሩሶ አይመሰክርለትም። በ1590ና በ1591 ሮም ላይ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውና በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች ነበሩበት። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ የ17ኛው ምእተ ዓመት ሰዓልያንም ከዚያ ገለበጡ። የሮሟ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕልም በቅጅ ገብታ በሺህ ተባዛች። እነዚያ ሰዎች ከሩቅ አገር የመጣ፣ ቀለም የሌለው፣ ከቦታው የተነቀለ ምስል ነበር የደረሳቸው፤ ዛሬ ልጆቻችን በስክሪን የሚደርሳቸውም ይኸው ነው። ከዚያ የወጣው ግን የሮም ግልባጭ ሳይሆን ጎንደር ነው። ምክንያቱም ሰዓሊው ምስሉን የተቀበለው የራሱ የመስመርና የቀለም ሕግ በእጁ ከገባ በኋላ ነበር።

ስለዚህ በመገልበጥ ላይ ያለኝ ቅሬታ መገልበጥ ስለሆነ አይደለም። በየክፍሉ የማየው ልማድ ግን የታተመ የመልአክ ንድፍ ለልጁ ሰጥቶ ቀለም ማስቀባት ነው። ይህ መገልበጥ እንኳ አይባልም። መስመሩን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ ለልጁ የተተወለት በድንበሩ ውስጥ መቆየት ብቻ ነው። የሩሶን ነፃነትም የደብተራውን ሥልጠናም አይሰጥም። ልጁ የሐረጉን አንድ ጠምዛዛ ሃያ ጊዜ በእጁ ቢስብ፣ ከዚያም ጓደኛውን ፊት ለፊት አስቀምጦ በሁለት ዐይንና በአንድ ዐይን ቢሥለው፣ ስክሪኑ የሚያሳየውን ለማንበብ እጁ ይቀድመዋል።

ሌላው ጉድለት ከሕግ የመጣ ነው። የጥንቱ ሥዕል ባለመብት ስለሌለው በኢንተርኔት ሞልቷል፤ የ20ኛው ምእተ ዓመት ሥዕል ግን በባለመብትነት ሕግ የተጠበቀ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያረፉት በ1981 ሲሆን የስዊስ ሕግ ከሞት በኋላ ለሰባ ዓመት ስለሚጠብቅ ሥራዎቻቸው እስከ 2051 መጨረሻ እንደ ልብ አይሠራጩም። ውጤቱን በክፍል ውስጥ ማየት ይቻላል፤ ለልጆቹ የኢትዮጵያ ሥዕል ጎንደር ላይ ይቆማል። አቶ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተመልሰው ያቋቋሙትን የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከኮሎኝ ተመልሰው በዚያ ያስተማሩትን ገብረ ክርስቶስን፣ ከ1966 እስከ 1969 ያስተማሩትንና በኋላ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ትውልድ ያፈሩትን እስክንድር ቦጎሲያንን አያውቁም። በእስክንድር ሸራ ላይ ጠልሰሙና ሐረጉ አዲስ ሆነው መነሣታቸውን ሳያዩ ክታቡን ብቻ የሚያዩ ልጆች፣ ቅርሳቸው የሞተ መስሎ ቢታያቸው አይፈረድባቸውም። ልጆቹን ወደ ፍራውሙንስተር ወስዶ የ1970ውን የሻጋልን የመስታወት ሥዕል ማሳየትና፣ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የአፈወርቅ ተክሌን መስታወት ከዚያ ጋር ማነጻጸር ቢያንስ አንድ መንገድ ይከፍታል። ብርሃን በመስታወት ሲያልፍ ማየት ከስክሪን አይገኝምና።

በኢንተርኔት ላይ ያለውን ሀብት እንደ ራስ ንብረት መቍጠርም አደጋ አለው። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት ብዙዎቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ ክፍት አድርጎ ነበር። በጥቅምት 2023 ግን በደረሰበት የኮምፒዩተር ጥቃት የብራና ስብስቦቹ ገጾች ለረጅም ጊዜ ተዘጉ። ትምህርታቸውን በዚያ ላይ ያቆሙ መምህራን በአንድ ሌሊት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አንዴ በሠራዊት ከእጃችን የወጣ መጽሐፍ እንደገና በሌባ ከዐይናችን ራቀ። ባለቤቶቹ የሚፈቅዱትን ያህል ቀድቶ፣ በወረቀትም አትሞ ማስቀመጥ ጥንቃቄ እንጂ ስስት አይደለም።

በጄኔቫና በዙሪክ ያሉት መምህራን በጋራ ሊሠሩት ይገባል የምለው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ለሁለት መቶ ያህል የተመረጡ ሥዕሎች የግእዝና የአማርኛ ስማቸውን፣ ልካቸውን፣ የነበሩበትን ቦታና የታወቀ እንደ ሆነ የሰዓሊውን ስም የያዘ መዝገብ፣ ከፈረንሳይኛና ከጀርመንኛ አቻው ጋር ማዘጋጀት ነው። ሥራው ቀላል አይሆንም። ስለ ፊደሉ አጻጻፍ ብቻ ስንት ስብሰባ እንደሚፈጅ ከወዲሁ መገመት ይቻላል፤ እኔ በ«ሥዕል» እጀምራለሁ። ከአብነት ትምህርት ቤት የመጡ አባቶች እዚህም አሉ፤ ስለ ሥዕል ስሞች የሚያውቁትን እስካሁን የጠየቃቸው የለም።

ለዘመናዊው ክፍል የሚያስፈልገው ደግሞ ምናልባት በአንባብያን ቤት ይገኝ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ሲወጡ በሻንጣቸው ከያዟቸው ወረቀቶች መካከል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ዐውደ ርእይ መግለጫዎች፣ የጥሪ ካርዶችና ከሥዕሎች ፊት የተነሡ ፎቶግራፎች ያሏቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ወረቀቶች የሥዕሎቹን የአማርኛ ርእስ በሰዓልያኑ በራሳቸው ቃል የያዙ ናቸው። ዋናው በባለቤቱ እጅ እንደ ተጠበቀ ቅጁ ቢሰበሰብ መዝገቡን ከዚያ መጀመር ይቻላል።